የተኛችሁበትን አልጋ አታንጥፉ

ስሟን የሚያውቅ ይኖራል፤ በስሟ የሚጠራት ግን የለም። ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ጥድፊያ» ነው የሚላት። ቁጭ ብላ ያያት ሰው ካለ ወጥቶ ይመስክር። ሻይ እንኳን የምትጠጣው ቆማ ነው፣ ያውም በሌላ እጇ የመስኮቱን ጠርዝ እየወለወለች። ሥራዋ በቀን የሚከራይ ቤት ማጽዳት ነው። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም፤ አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ መኝታ ክፍል አለው። እንግዳ አምስት ሰዓት ላይ ይወጣል፣ ሌላው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይገባል። በመካከል ያሉት አራት ሰዓታት የእሷ ናቸው። በእነዚያ አራት ሰዓታት ውስጥ ሰው ሲተኛበት፣ ሲበላበትና ሲጣላበት የከረመውን ቤት ማንም ኖሮበት የማያውቅ ማስመሰል አለባት። ቀላል የሚመስለው ሰው አንድ ቀን መጥቶ ይሞክረው።

የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ናቸው። ፍሪጁ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሁለቱ የጋራ ሥራ ነው፤ ነገሩ የእሷ፣ ነጠላ ሰረዙ የእሳቸው። «ክቡራን እንግዶቻችን፣ ከመውጣታችሁ በፊት» ብሎ ይጀምራል። እያንዳንዱ መስመር ጥድፊያን አንድ ቀን ያንጨረጨረ ነገር ነው። እርጥብ ፎጣ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ይቀመጥ የሚለው አንዱ ጎረምሳ ፎጣውን ፍራሽ ላይ ጥሎ ከሄደ በኋላ የተጻፈ ነው፤ ፍራሹ ሁለት ቀን ሙሉ አልደርቅ ብሎ አሰቃይቷታል። ትርፍራፊ ቧንቧ ውስጥ አይደፋ የሚለው ደግሞ ክንዷን እስከ ክርኗ ቧንቧ ውስጥ ከትታ ከዋለች በኋላ። ፍሪጁን ባዶ አድርጉ፣ ቆሻሻውን ይዛችሁ ውረዱ፣ የውሃ ማሞቂያውን አጥፉ፣ ቁልፉን በሩ ጎን ካለችው ሣጥን ውስጥ ክተቱ። መምህሩ «ይህን ሁሉ ስናዛቸው ቅር አይላቸውም?» ብለው ጠይቀዋት ነበር። «ቅር ይበላቸው መምህር፣ እኔ ከነከረጢቱ ሦስት ፎቅ ስወርድ ማን ቅር ብሎት ያውቃል?» አለቻቸው። እሳቸውም ጻፉ።

የምትሞትለት መስመር ግን የአልጋው ነው። «የተኛችሁበትን አልጋ አታንጥፉ፤ አንሶላውን ገፍፋችሁ በሩ ሥር ከምሩት። ያልተኛችሁበትን አትንኩ።» እንግዳ ይህን ሲያነብ ግራ ይገባዋል። ጨዋ ሰው ከአልጋው ሲነሳ አንጥፎ ነው የሚሄደው፤ እሷም ብትሆን ልጇን ያሳደገችው «አልጋሽን ሳታነጥፊ ከቤት እንዳትወጪ» እያለች ነው። ለአጽጂ ግን የጨዋ እንግዳ አልጋ ከባለጌው ይብሳል። አንድ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ሁለቱንም አልጋ ልቅም አድርጎ አንጥፎ ሄደ። የጠባቧን ክፍል አልጋ ማንም ያልተኛባት መስሏት አለፈቻት። አዲሱ እንግዳ ብርድ ልብሱን ሲገልጥ የልጅ ካልሲ አገኘ። መምህሩ ሁለት ገጽ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፉለት፣ ጥድፊያ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ መምህሩን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ሥራው ያመጣባት ሌላም ነገር አለ። ክፍል ይናገራል። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ለብቻው ሲያለቅስ እንደሰነበተ ከትራሱ፣ ከቆሻሻ ቅርጫቱ፣ ከወንበሮቹ አቀማመጥ ይታወቃታል። መምህሩ የሰው ወሬ ይወዳሉና ሊያወጣጧት ይሞክራሉ። እሷ ግን ያየችውን እዚያው ቆልፋበት ነው የምትወጣው። በዚህ በኩል የሚያማት የለም።

አሁን ወደ ልጇ እንምጣ። አንድ ልጅ ናት ያለቻት፤ የሰባት ሰዓት መንገድ ርቃ ትኖራለች፣ ካገባች አምስት ዓመት ሆኗታል። ስልክ ስትደውልላት «እንዴት ነሽ?» ብላ ትጠይቃታለች፣ ልጅቷ «ደህና ነን» ብላ ትመልሳለች። አንቺ ሲሏት እኛ ማለት ምን የሚሉት ነው? መልሱ ደግሞ ይፈጥናል፤ ጥያቄው ሳያልቅ ይመጣል። ጥድፊያ ስልኩን ዘግታ ወዲያና ወዲህ ትላለች፣ የተወለወለውን ትወለውላለች። ምን እንደሆነ አታውቀውም። ልጄ ትዳሯ ውስጥ እየተጎዳች ነው፣ ለእኔም እየደበቀችኝ ነው፤ ሐሳቧ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ነው የሚወድቀው።

ልጅቷና ባሏ ለአራት ቀን ሊጠይቋት እንደሚመጡ ሲነግሯት ደስታዋም ጭንቀቷም አንድ ላይ መጣ። የራሷ ባል ከሞተ ወዲህ ጥድፊያ የምትኖረው በአንዲት ክፍል ነው፤ አልጋዋም አንድ ነች። ደግነቱ ሥራ ቀዝቅዞ ነበር፤ መምህሩም መምጣታቸውን ሰሙ። «ቤቱ ባዶ ነው፣ እዚያ ይረፉ። ግን እንደማንኛውም እንግዳ ወረቀቱን ያክብሩ» አሏት እየሳቁ።

የመጀመሪያው ቀን ልጅቷ ፍሪጁ ፊት ቆማ ወረቀቱን እንደ ዜና አንባቢ ጮክ ብላ አነበበችው። የአልጋው መስመር ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«አንቺ ነሽ ይህን ያስጻፍሽው? እኔን በአልጋ ማንጠፍ እንዳላሳደድሽኝ?»

«ያ ቤቴ ነው፤ ይሄ እንጀራዬ ነው» አለች እናት። ተሳሳቁና አለፈ።

በአራቱ ቀናት ውስጥ አማቿን በዓይኗ መዘነችው፤ ምንም አይወጣለትም። መካኒክ ነው፤ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧዋን ሳትለምነው ጠገነላት፣ ዕቃ ተሸከመላት፣ «እማማ» እያለ አከበራት። ያስጨነቃት የሁለቱ ጨዋነት ነው። «ጨው ታቀብይኛለሽ?» «ይኸውልህ።» «አመሰግናለሁ።» ባልና ሚስት እንዲህ እንደ ባንክ ቤት ሰልፈኛ ይከባበራል እንዴ? ሲጣሉ ብታይ ደስ ባላት። በሦስተኛው ቀን ልጇን ኩሽና ውስጥ ብቻዋን አገኘቻትና ክንዷን ያዘቻት።

«የኔ እናት፣ ምን ሆነሻል?»

«ምንም የለም እማዬ።»

«ንገሪኝ፣ እኔ እናትሽ ነኝ።»

«ምንም የለም አልኩሽ እኮ።» ልጅቷ ክንዷን ቀስ አድርጋ አስለቀቀችና ሳህን ማድረቅ ቀጠለች።

በአራተኛው ቀን አውቶቡሱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር የሚነሳው። ጥድፊያ ሸኘቻቸው፣ አውቶቡሱ ከዓይኗ እስኪጠፋ እጇን አወዛወዘች፤ ከዚያ በእግሯ እየበረረች ወደ ቤቱ ሄደች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዲስ እንግዶች ይገባሉ። ደረጃውን ስትወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም አለች። ደክሟት አይደለም። በዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ማንም ሳይነግራት እንደምታነበው ታውቃለች፤ ማንበቡን ደግሞ ፈራችው።

ወረቀቱ ነጥብ በነጥብ ተከብሯል። ቁልፉ ሣጥኑ ውስጥ፣ ፎጣዎቹ ገንዳው ውስጥ፣ ፍሪጁ ባዶና የተወለወለ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ንጹሕ። የሰፊው ክፍል አልጋ አንሶላው ተገፏል፣ በሩ ሥር ተከምሯል። የጠባቧ ክፍል አልጋ እንደተነጠፈች አለች። በአንዱ አልጋ አብረው ተኝተዋል ማለት ነው። «ተመስገን» አለች ጮክ ብላ፣ ባዶ ቤት ውስጥ። በከንቱ ነው የተጨነቅሁት፣ እርጅና እየጫጫነኝ ነው ብላ በራሷ ሳቀች። ባልዲዋን ሞላች፣ በረኪናውን ጨመረች፣ እያንጎራጎረች ኩሽናውን ጨረሰች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የጠባቧን ክፍል ወለል ልትጠርግ ገባች። መጥረጊያውን አልጋው ሥር ሰድዳ ቀና ስትል ራስጌው ላይ ዓይኗ ቀረ። አንሶላው ብርድ ልብሱ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ተቀልብሷል። እዚህ ቤት አልጋ እንዲህ አይነጠፍም፤ መምህሩ እንደ ሆቴል ይሁንልኝ ስላሉ ብርድ ልብሱ ትራሱን ሸፍኖ ነው የሚያልፈው። አንሶላ በስንዝር የምትቀለብሰው ጥድፊያ ናት፣ ያውም በገዛ ቤቷ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅን ትንሽ መዳፏን ዘርግታ «ይኸው፣ በእጅሽ ለኪው» ያለቻትም እሷው ናት።

ትራሱን አነሳችው። አንድ ረጅም ፀጉር ነበረበት።

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው፣ ንዴቱም የሥራ ነበር። ሌላ እንግዳ ቢተኛበትስ? እንደገና ሁለት ገጽ ይቅርታ? ስልኳን አወጣች። በዚያ ቤት ስልክ የሚሠራው የሰፊው ክፍል መስኮት ሥር ብቻ ስለሆነ እዚያ ሄዳ ቆመች። ልጇ ወዲያው አነሳችው።

«ሄሎ እማዬ፣ ደህና ገባሽ?»

«የጠባቧን ክፍል አልጋ ለምን አነጠፍሻት?»

ከጀርባዋ የአውቶቡሱ ጉርምርምታ ይሰማል።

«ረሳሁት» አለች ልጅቷ።

«አልረሳሽም። አጠገብሽ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«እኔ ልጠይቅሽ፣ አንቺ አዎ ወይ አይ በይኝ። የተኛሽባት አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ቤታችሁም እንዲሁ ናችሁ?»

«አዎ።»

«ዓመት ሞላው?»

«እሱማ ድሮ።»

ጥድፊያ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። ቀጥላ የምትጠይቀውን ፈራችው፣ ግን ጠየቀችው።

«ይመታሻል?»

«ኧረ አይ። በፍጹም።»

«ሌላ ሴት አለችው?»

«አይ።»

«ታዲያ ምንድን ነው ልጄ?»

አዎ ወይ አይ የሚበቃው ጥያቄ አልነበረም። «ምንም የለም እማዬ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ነገሩ እሱ ነው። ምንም የለም።»

በዚህ ጊዜ ለእናትየዋ ገባት፤ በሁለቱ መካከል ምንም የቀረ ነገር የለም ማለቷ ነው። ኩሽና ውስጥም ልጇ ያንኑ ቃል ነግራት ነበር፤ እሷ ናት ያልሰማችው። አይታው ለማታውቀው እንግዳ በየቀኑ የምታደርገውን ልጇ ለእሷ አደረገችላት፤ ማንም ያልኖረበት አስመሰለችላት።

«ስሚኝ» አለች። «እኔና አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ሰባት ዓመት አብረን አልተኛንም። እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ ነበርኩ። አንቺ ሳትነሺ ተነስቼ ብርድ ልብሱን አጣጥፌ ቁምሣጥን ውስጥ እከተው ነበር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለአንቺ ዛሬ ነገርኩሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ።

«ምኑን?»

«ጫማዬን ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ አልነበር የማስረው? ሁልጊዜ ይሞቅ ነበር።»

ሰባት ዓመት ሙሉ በጠዋት እየተነሳች፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ በእግሯ ጣት እየተራመደች። የሰው ክፍል አነብባለሁ የምትል ሴት፣ በገዛ ቤቷ ሲያነቧት ኖረዋል።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ዝም ስትይ አይቼ ነዋ።»

ይህን ያለችው በቂም አልነበረም። እንደዚያ ባትለው ግን ይሻል ነበር። ጥድፊያ በመሐረብ ፈንታ በመወልወያው ጨርቅ ዓይኗን ጠረገች፤ በረኪናው አቃጠላት።

«አሁን ዝም አላልኩም» አለች። «አውቶቡሱ ለምሳ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚቆመው?»

«ስምንት ሰዓት ገደማ።»

«ብቻሽን ራቅ ትይና ትደውይልኛለሽ። አዎ አይ አይደለም፣ ሁሉንም ነው የምትነግሪኝ።»

«እማዬ፣ እንግዶች አሉብሽ እኮ። ሥራሽን ጨርሺ።»

«ትደውያለሽ ወይስ አትደውይም?»

«እደውላለሁ» አለች ልጅቷ።

ስልኩ ተዘጋ። መታጠቢያ ቤቱ ገና አልተነካም፣ ሳሎኑ አልተወለወለም፣ ሁለቱም አልጋዎች ይነጠፋሉ፣ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። መታጠቢያ ቤት ከገባች ደግሞ ስልኩ አይሠራም። ጥድፊያ አንድ እርምጃ ወደ ባልዲዋ ሄደች፤ ተመለሰች። ደግሞ ሄደች፤ ደግሞ ተመለሰች። ከዚያ መምህሩ ዘንድ ደወለች።

«መምህር፣ የዛሬዎቹን እንግዶች አንድ ሰዓት ያቆዩልኝ።»

መምህሩ ደነገጡ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ብላቸው አታውቅም። «ምን ተፈጠረ እትዬ? ቧንቧ ፈነዳ? ሰው ታመመ?»

«የለም» አለች፣ አንሶላ በሌለው ፍራሽ ጫፍ ላይ ቁጭ እያለች። «ልጄ ልትደውልልኝ ነው።»