ሚኒባስ ውስጥ የጸለይኩት የማዕድ ጸሎት

ለማንም እንዳትነግሩብኝ። ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ የምግብ ጸሎት ጸለይኩ።

ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ዓለም ገና ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ጎማ ይቃጠላል። አዲስ አበባን ወደ ኦሮሚያ ያሰፋል የተባለውን ማስተር ፕላን የሚቃወሙት ወጣቶች ከወዲህ፣ ወታደሮቹ ከወዲያ፤ እኛ መሃል።

አጠገቤ የተቀመጠች የፋብሪካ ሠራተኛ በዚህ መጽሔት ላይ ከሚወጣው ፎቶዬ አወቀችኝ።

"እህቴ፣ አንቺ መንፈሳዊ ቀልድ የምትጽፊዋ አይደለሽ? በጌታ፣ ጸልዪልን!"

ዓይኔን ጨፈንኩ። ከፍርሃቴ ብዛት አፌ ላይ የመጣው "ጌታ ሆይ፣ ይህን ማዕድ ባርክልን፣ ያዘጋጁትንም እጆች…" የሚለው ሆነ።

ሁሉም "አሜን!" አለ። ከኋላ ወንበር አንዱ ብቻ "ማን ሊበላን ነው?" ሲል ሰማሁት።

ያኔ ፊት የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ኦቦ ቱፋ፣ በሩን ከፈቱ።

"ኧረ ኦቦ፣ አይውረዱ!" ሹፌሩ ለመናቸው።

"ሂን ሶዳቲና፣ አትፍሩ። ልጆቼ ናቸው፣ አነጋግሬ አሳልፋችኋለሁ።"

ከመንገዱ ዳር ርጥብ ሳር ነጭተው፣ ለሰላም ልመና እንደሚደረገው በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጭሱ ገቡ። ወዲያው ተኩስ ተሰማ።

እንዴት እንደወረድን አላውቅም። አንድ ሐጂ "ግቡ፣ ግቡ!" ብለው ሱቃቸው ውስጥ አስገብተው ዘጉብን። የምጽፍላችሁ ከዘይት ጀሪካኖቹ መሃል ተቀምጬ ነው። የፋብሪካዋ ልጅ እጄን አልለቀቀችም፤ እኔም የእሷን።

ሽማግሌው አልተመለሱም። አሁን ቀልድ የለኝም፤ ጸሎቴም "መልሳቸው" ብቻ ነው።

ቡራዩና ሱሉልታ ያላችሁ፣ እናንተስ እንዴት ዋላችሁ? ጻፉልኝ።

ኦቦ ቱፋን እንዳየኋቸው እጽፋለሁ። ካላየኋቸውም እጽፋለሁ።