ሰማንያ ኪሎ በዐቢይ ጾም

ትናንት ያነሳችሁት ነገር ዛሬ አልነሳ ብሏችሁ ያውቃል? ዕቃው ያው ነው፤ ክብደቱም ያው ነው፤ የተለወጣችሁት እናንተ ናችሁ። እኔን ለመጀመሪያው የክብደት ማንሳት ውድድሬ ስዘጋጅ ያጋጠመኝ ይህ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ሳይንስ አስተምራለሁ። ከሥራ በኋላ ፔዳ አካባቢ ባለች ጠባብ ጂም ብረት አነሳለሁ። ከጾም በፊት ሰማንያ ኪሎ ከመሬት ደረቴ ላይ አድርሼ፣ ከዚያ ከራሴ በላይ ገፍቼ ቀጥ ብዬ ቆምሁ። በማግስቱ ክፍል ስገባ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝና ለተማሪዎቼ “በውድድሩ የምጀምረው በሰማንያ ነው” አልኋቸው። ሰሌዳው ላይም ጻፍሁላቸው።

ውድድሩ የተቀጠረው ግን በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ፣ ለቅዳሜ ነበር።

እዚህ ላይ ደንቡን ላስረዳ፤ ችግሬ ያለው እሱ ውስጥ ነውና። ተወዳዳሪው ሦስት ዕድል አለው፤ የሚጀምርበትንም ክብደት ራሱ ይመርጣል። ከዚያ በኋላ ብረቱ ላይ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። በከባድ ጀምሮ ያቃተው ሰው “አቅልሉልኝ” ማለት አይችልም፤ ያንኑ ወይም የባሰውን መሞከር ነው። ሦስቱንም ከሳተ ውጤቱ ዜሮ ነው፤ ጭራሽ እንዳልመጣ ይቆጠራል።

እኔ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ አስተምርና ሽሮ በጎመን በልቼ ጂም እገባለሁ። ሳምንታት ሲያልፉ ሱሪዬ ሰፋኝ። ሰማንያው ደረቴ ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ እንቢ ይላል። አንድ ቀን ጭራሽ ከነብረቱ ወደ ኋላ ወድቄ ተቀመጥሁ።

“ለመምህሩ ወንበር አምጡለት እንጂ! እንግዳ መሬት ላይ ይቀመጣል?” አለ ከጎኔ የሚሠራው ባጃጅ ነጂ። ጂሙ በሳቅ ተናወጠ።

አሰልጣኛችን ግን አልሳቀም። “ስማኝ፣ ጾም ለነፍስ ነው። ብረት ነፍስ የለውም፤ አያዝንልህም። ወይ እንቁላል ብላ፣ ወይ ሰማንያውን ተውና በሰባ ጀምር።”

“ለተማሪዎቼ ነግሬያለሁ እኮ።”

“እንግዲያ እነሱ ያንሱልሃ!”

ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ገድፌ አላውቅም። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሐይቁ ዳር ካለችው ቤተ ክርስቲያን የነፍስ አባቴን ፈልጌ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ፣ እንቁላል እንዲፈቅዱልኝ ጠየቅሁ።

“ታመሃል?”

“አይ አባቴ፣ ደኅና ነኝ።”

“ታዲያ ምን ሆነህ ነው?”

ስለ ውድድሩ፣ ስለ ሦስቱ ዕድሎች፣ ምግብ ለጡንቻ ስላለው ጥቅም፣ ሁሉንም በተራ አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ታገሡኝ።

“ስንት ኪሎ ነው አልህ?”

“ሰማንያ።”

“ኩንታል ከመኪና የሚያወርደው ሰውዬም እኮ ይጾማል” ብለው ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። “አቅልለህ መጀመር ክልክል ነው?”

“አይደለም፣ አባቴ።”

“እና ምን ያዘህ?”

ሰሌዳው ላይ የጻፍኋት ሰማንያ ትዝ አለችኝና ነጠላዬን አስተካከልሁ። “እኔ ለታመመ እፈቅዳለሁ” አሉና መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። “እግዚአብሔር ያበርታህ፤ ሂድ።”

በሐይቁ ዳር በእግሬ ስመለስ ዜሮውንና የልጆቹን ሳቅ በየተራ አሰብሁ። ሁለቱም ያንገበግቡኛል። ሰኞ ጠዋት ግን ትምህርት ሳልጀምር ነገርኋቸው።

“ልጆች፣ የምጀምረው በሰባ ነው።”

“ቲቸር፣ ዐሥሯን ማን ወሰዳት?” አለች ከኋላ አንዷ።

“ሥጋ ናት መሰለኝ፣ ለፋሲካ ትመለሳለች!” ብሎ ሌላው ተቀበላት።

ክፍሉ በሳቅ ታወከ። ስለ ጡንቻ ላስረዳቸው ሞከርሁ፤ የሚሰማኝ አልነበረም። ጆሮዬ እስኪግል ፊታቸው ቆምሁ።

ቅዳሜ ሰባውን በመጀመሪያው ሙከራ አነሳሁ። ሰባ አምስትን ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ሳትሁ። ከተመልካቾች መሀል “ሰማንያ! ሰማንያ!” የሚሉ ከክፍሌ የማውቃቸው ድምፆች ነበሩ። ከእኔ ቀጥሎ የገባው ሰው በሰማንያ ጀመረ። ሦስቱንም ሳተና ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ፈታ። እኔ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ብሆንም ውጤት አለኝ፤ እሱ ምንም የለውም።

ደስ ግን አላለኝም። ያቃተኝ በጾሙ ይሁን በፍርሃቴ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም፤ ማስረዳት የምወደው ሰው ይህን ለራሴም ማስረዳት አልቻልሁም። የማውቀው ከብረቱ ይልቅ ሰኞ ጠዋት በዚያ ክፍል መቆሙ እንደከበደኝ ነው። ካላመናችሁኝ እስቲ ሞክሩት፤ በሰው ፊት ከፍ አድርጋችሁ የተናገራችሁትን አንድ ነገር ምረጡ፤ ከዚያ በዚያው ሰው ፊት ቆማችሁ፣ ምክንያት ሳትደረድሩ፣ ቀንሳችሁ ንገሩ።