ቅዳሜ የማይመዘገብ መዝሙር

ኤኩዋ ባይዱ ማንበብ አትችልም፤ ስብከት ማቋረጥ ግን ታውቅበታለች። በባሕሩ ዳር ባለችው የመንደራችን የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን፣ ሰባኪው እየሰበከ ሳለ አንዲት ሴት ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ የሰማችውን ቃል በዜማ ታነሣዋለች። ሕዝቡ ይቀበላታል፤ ሰባኪው ላቡን እየጠረገ ይጠብቃል። ፊደል ያልቆጠሩት አያቶቻችን ቃሉን የያዙት በዚህ መንገድ ነው።

ኤኩዋ መጀመሪያ ያነሣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሳታስበው አፏ ቀደማት። ከዚያ በኋላ ባሏን ቀበረች፤ ዓሣ እያጨሰች አራት ልጆች አሳደገች፤ ዓይኖቿም ከጭሱ ብዛት ቀልተው ቀሩ። በዚህ አርባ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን መዝሙሯን ራሷ መርጣ አታውቅም። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ይነቃነቃል፣ ትነሣለች፤ በቃ ይኸው ነው።

ከዚያ ከከተማ ፓስተር ኤሹን መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ ክፋቱ ሰዓቱን ማየት ይወዳል።

«እማማ ኤኩዋ፣ አይቀየሙኝና፣ የሚያነሡትን መዝሙር ቅዳሜ ቢያስመዘግቡልኝ ስብከቴን በልኩ አዘጋጅ ነበር።»

«ልጄ፣ እግዚአብሔር እሑድ የሚሰጠኝን ቅዳሜ በምን ልወቀው?»

«እሱ እኮ ቅዳሜም ያውቀዋል።»

«እሱማ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ነኝ።»

ቢሆንም ፓስተር ፓስተር ነው፤ ታዘዘችው። ቅዳሜ አንድ መዝሙር መርጣ አስጻፈች። እሑድ ፓስተሩ ስብከቱ መሐል ላይ አንገቱን ነቀነቀላት፤ ተነሥታ ጀመረች። ድምፅዋ ሻክሮ ወጣ። ሁለት አሮጊቶች ለይሉኝታ ተቀበሏት፤ ከኋላ አንዱ ሳቀ። ኤኩዋ በሐፍረት ተቀመጠች።

ፓስተሩ ደንግጦ ምዝገባውን ተወው። መዝሙሩ ግን አልተመለሰም። አራት ወር ሙሉ ደረቷ ውስጥ ምንም አልተነቃነቀም። ሰው ፊት ትስቃለች እንጂ ውስጧ ፈርቶ ነበር። በባሏ ሞት ጊዜ እንኳ ያልተለያት ነገር ነው። «ጌታዬ፣ አጥፍቼ እንደሆነ ገሥጸኝ፤ ከእኔ ጋር ጨርሰህ እንደሆነም ንገረኝ» እያለች ምድጃው አጠገብ ትጸልያለች። መልስ የለም።

አብራት ዓሣ የምታጨሰው አጁዋ ደግሞ ዝም አትልም።

«አንቺዬ፣ ጉሮሮሽንም ከዓሣው ጋር አጨስሽው እንዴ?»

«ተይኝ እስቲ።»

«አንዱን አንሺና ገላግዪን! ከእግዚአብሔር ይሁን ካንቺ ማን ያውቅብሻል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

በዚያው ሰሞን የፓስተሩ ሚስት ካገባች በስድስት ዓመቷ የፀነሰችው ጽንስ በአምስት ወሩ ወረደባት። እሱ ለማንም አልተናገረም፤ በእኛ መንደር ግን እንኳን ይህ ሌላውም አይደበቅም። ከዚያ በሦስተኛው እሑድ የዕለቱ ንባብ የሐና ታሪክ ሆነ። ሌላ ንባብ መምረጥ ይችል ነበር፤ አልመረጠም። ሚስቱ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ስለ ሐና ልቅሶ ደህና አድርጎ ሰበከ። ሐና ልጇን ወደ ቤተ መቅደስ የወሰደችበት ቦታ ሲደርስ ግን «ሐናም ልጁን ይዛ…» አለና ቆመ። ገጹን ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

ሰው ሁሉ ዞሮ ኤኩዋን አየ። አጁዋ በክርኗ ጎሰመቻት።

«አንሺ እንጂ!»

ኤኩዋ አእምሮዋ ውስጥ አንድ የሚያጽናና መዝሙር ነበራት፤ ሁሉም የሚያውቀው። ብታነሣው ሰውየው ይድናል፤ የእሷም ስም ይመለሳል። ግን የመረጠችው ራሷ ናት። ደረቷ ጸጥ እንዳለ ነው። አፏን በእጇ ያዘች።

«ሰውየው እኮ ሊሞት ነው!»

«አልተሰጠኝም፣ አጁዋ።»

«ልብሽ ድንጋይ ነው!»

ቃሉ ወጋት፤ እውነት እንዳይሆን ፈርታለችና። እግዚአብሔርን መጠበቅ ይህን ያህል እንደሚያም እስከዚያ ቀን አታውቅም፤ ሁልጊዜ እሱ ይቀድማት ነበር። እንባዋ ወረደ። እጇን ግን ከአፏ አላነሣችም።

በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። ከመድረኩ ነበር። ያለ መጽሐፍ አንድ መዝሙር ዘምሮ የማያውቀው ፓስተር ኤሹን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዜማውን እያበላሸ፣ ራሱ አነሣ።

«ሐና ልጇን ይዛ ገባች… እኔ ባዶ እጄን መጣሁ…»

ሰው ፈዘዘ። ፓስተር ሲያነሣ ማንም አይቶ አያውቅም፤ ማን ይቀበለው? ያኔ የኤኩዋ ደረት ተነቃነቀ። ለማንሣት አልነበረም፤ ለመቀበል ነበር። ቀድማ ብታነሣለት ኖሮ ይህ ሰው አፉን ባልከፈተ ነበር። ደስታ መላ ሰውነቷን ወረራት፤ ተነሣች።

«ያዘው፣ ጌታ ሆይ፣ ባዶ እጁን ያዘው!»

አራት ወር የታፈነው ድምፅ ጣሪያውን መታው። ከፊተኛው ወንበር የፓስተሩ ሚስት ተነሥታ «ያዘው!» አለች፤ ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ ተከተለ። አጁዋ እያለቀሰች የኤኩዋን ቀሚስ ጎተተች።

«ኤኩዬ፣ ይቅር በዪኝ፣ እኔ ምኑን አውቄ…»

«ኋላ! አሁን ተቀበዪው!» አለቻት ኤኩዋ።