ያልተረጎምኩት ጥያቄ

ይህን ለሚስቴም ለወንድሜም አውጥቼ አላውቅም። በእኛ ሃይማኖት ሰው ፊት ቀርቦ መናዘዝ የለም፤ ጥፋቴን ለአላህ ነው የምነግረው፣ ነግሬዋለሁም። ግን በሰው ላይ የተሠራ በደል የተበደለው ሰው ይቅር ካላለ በቀር አይሰረይም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የሚያስፈራኝ እሱ ነው። የበደልኳቸው ሽማግሌ ፊት ከመቆሜ በፊት፣ አንባቢ ሆይ፣ ቀድመህ አንተ ስማኝ።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው፤ እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር ኤርፖርት ሰው አመላልሳለሁ። እንግሊዝኛዬ ደህና ስለሆነ ባለፈው የምርጫ ሰሞን አንዲት ተወዳዳሪ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ወዳለ አዳራሽ የእኛን የሐበሻ ሰዎች ልታነጋግር ስትመጣ እንዳስተረጉምላት ተለመንኩ። ከመግባታችን በፊት፣ «ካሸነፍኩ ቢሮዬ ውስጥ እንዳንተ ያለ ሰው ያስፈልገኛል» አለችኝ። መሪ ይዤ መዋል ሰልችቶኝ ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አስተርጓሚ መሆኔ ቀረ፤ የእሷ ሰው ሆንኩ።

ሴትየዋ ያለችው ይህን ነው። «የጋዝና የመብራት ቢላችሁን ለማስቀነስ እታገላለሁ። ግን ነገሩ በእኔ እጅ ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚሳካ ቃል ልገባላችሁ አልችልም።» እኔ ያልኩት ደግሞ ይህን ነው። «ከመረጣችሁኝ በዚህ ዊንተር፣ ብርዱ ሳያልፍ፣ ቢላችሁ ይቀንሳል።»

ምላሴ አዳልጦኝ ነው? አይደለም። አውቄ ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ እሷም የራሷ ንግግር ያስጨበጨበላት መስሏት ፈገግ አለች።

ከመሐል አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። ጋሽ ሀብቶም ይባላሉ፤ ከአስመራ የመጡ፣ በልጅነታቸው በአማርኛ የተማሩ፣ እንግሊዝኛ ግን ያልሆነላቸው፣ ሞንትቤሎ ሰፈር ውስጥ ከባለቤታቸው ከእትዬ ለተብርሃን ጋር ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቤታቸውንም የማውቀው ሰው ናቸው። «ልጄ፣ አንድ ነገር ጠይቅልኝ» አሉ። «ባለቤቴ ቁርጥማት አለባት፣ ብርድ አይሆንላትም። ቢሉን ፈርተን ግን ሂተሩን፣ የቤቱን ማሞቂያ፣ አንከፍተውም። አሁን ብንከፍተው አንጎዳም ወይ በልልኝ።»

ጥያቄው ለእሷ ነበር። አልተረጎምኩትም። ብተረጉመው እውነቱን ትነግራቸው ነበራ! «ይክፈቱት ጋሼ፣ ቃሏ ነው» ብዬ ራሴ መለስኩ። እሷ ምን እንዳሉ ስትጠይቀኝ «እያመሰገኑሽ ነው» አልኳት።

ሴትየዋ አሸነፈች። እኔም ቢሮዋ ገባሁ፤ ኤርፖርት የምሠራው በትርፍ ጊዜዬ ብቻ ሆነ። ጋሽ ሀብቶም ሂተሩን ከፈቱ። ስኖው መውረድ ሲጀምር ቢሉ መጣ፤ ሊቀንስ ቀርቶ ያስደነግጥ ነበር። ደወሉልኝ። ስማቸውን ስልኬ ላይ አይቼ አላነሳሁም። ደግመው ደወሉ። ስልኩን በፊቱ ደፋሁት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቅኩ የተዉልኝን መልእክት ከፈትኩ። «ጀማል ልጄ፣ ሥራ በዝቶብህ ይሆናል። ሂተሩን ዘግተነዋል። አንተ አትጨነቅ፣ ደጅ ሥጋ የምንጠብስበትን ግሪል ሳሎን አስገብተን ከሰል አቀጣጥለናል፣ ቤቱ ሞቋል።» ድምፃቸው እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጎተት ነበር።

አምቡላንስ ጠርቼ፣ ተሳፋሪውን ትቼ መኪናውን አስነሳሁ። በተዘጋ ቤት ከሰል ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ወደ ሞንትቤሎ ስነዳ መንገዱ በረዶ ነበር፤ የምጸልየው ግን ለእነሱ ነበር ወይስ ለራሴ? እስከ ዛሬ አላውቅም። አምቡላንሱን ቀድሜ ደረስኩ፤ በሩን ደበደብኩ፣ አልተከፈተም። መስኮቱን ሰብሬ ገባሁ። ጋሽ ሀብቶም ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ተዘርረዋል። እየጎተትኩ በረዶው ላይ አወጣኋቸው፤ ተነፈሱ። እትዬ ለተብርሃን አልጋቸው ላይ ነበሩ። እሳቸው አልተነፈሱም።

ለቅሶው ላይ ጋሽ ሀብቶም እጄን ይዘው፣ «ይህ ልጅ ባይደርስልኝ እኔም አልነበርኩም» ይሉ ነበር። ሰው ሁሉ መረቀኝ። እኔ እጄን እንዳልነጥቅ እየታገልኩ መሬት መሬት አያለሁ። ሴትየዋም ልታጽናና መጣች። ጋሽ ሀብቶም ቀና ብለው አዩዋትና፣ «ጠይቅልኝ እስቲ፤ የማትችለውን ለምን ቃል ገባችልን?» አሉኝ። አዳራሹ ውስጥ ያደረግኩትን እዚያው አስከሬን በወጣበት ቤት ደገምኩት። «ስለመጣሽ አመሰግናለሁ ይላሉ» አልኳት። ለእሳቸው ደግሞ «በጣም አዝኛለሁ ትላለች» አልኳቸው። የመጀመሪያውን ስመኘው የነበረው ሥራ አሠርቶኛል እንበል። ሁለተኛውን ምን አሠራኝ? ፍርሃት። ፍርሃት ግን ምክንያት እንጂ ይቅርታ አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ሴትየዋን ውሸታም ይላታል። እሷ እንደዚያ አላልኩም ብትል ማን ይመናት? በእሷና በእነሱ መሐል የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጋሽ ሀብቶም አሁን ሌክውድ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ልጃቸው ሰላም እዚህ የተወለደች ናት፤ ትግርኛና እንግሊዝኛ እንጂ አማርኛ አትሰማም። ትናንት ደወለችልኝ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾ ኖሮ ቪዲዮውን አግኝታዋለች። «እኔና አባዬ አንድ ላይ ልናየው ነው» አለችኝ። «ሴትየዋ ቃል የገባችበትን በጆሮዬ መስማት እፈልጋለሁ። አንተም ናልን፤ አንተ እኮ የቤታችን ሰው ነህ።»

እሷ እንግሊዝኛውን ትሰማለች። እሳቸው አማርኛውን ይሰማሉ። ከዚያ ይተያያሉ።

ጀግና ሆኜ እየተናዘዝኩ አይምሰልህ። ቪዲዮው ባይገኝ ኖሮ ዝም እንዳልኩ እሞት ነበር፤ ይህንንም እነግራቸዋለሁ። ይቅር በሉኝ ለማለት አፌ አይደፍርም። እንዲህ ብቻ ነው የምለው፦ ጋሼ፣ ሴትየዋ አልዋሸችዎትም፤ ይክፈቱት ያልኩዎ እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው ደጃቸው ፓርክ አድርጌ ነው። ከመኪናው ገና አልወረድኩም። አሁን በሩ ተከፈተ። ጋሽ ሀብቶም ጃኬት እንኳ ሳይደርቡ በረዶውን እየረገጡ ወደ እኔ እየመጡ ነው። «ምነው ልጄ፣ በዚህ ብርድ ደጅ ትቀመጣለህ?» እያሉ ነው።