የበርጫ ጉዞ ወደ ስዊዘርላንድ

የእጅ ጽሑፌ አያምርም፣ ፊደልም እገድፋለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ወንድሜና ታክሲ ነጂው ጓደኛው ከሰዓት በርጫ ላይ ጫት እየቃሙ የሚያወጡት እቅድ ሲመሽ ይረሳል። ያን ቀን ግን የስዊዘርላንድን ካርታ በስልክ ከፍተው ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጋቸው አላማረኝም። የጎረቤታችን ልጅም እዚሁ ቅርብ፣ ባቢሌ ደርሼ መጣሁ ብሎ ወጥቶ ነው ከሊቢያ የደወለው። ውሃ የማቀብል መስዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ከዙሪክ በጠዋት ከወጣን ምሳ ተራራው ላይ ነው» አለ ወንድሜ።

«ላም መንገድ ብትዘጋብንስ?»

«ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ የምትዘጋብህን ፍየል ምን ታደርጋታለህ? ክላክስ ነዋ!»

ሳቁ። እኔ ለእማዬ እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኛል።

«ከኋላስ ማን ይቀመጣል?» አለ ጓደኛው።

«እህቴ ናታ! መስኮቱን ለሷ ተውላት፤ ዳገት ላይ ያስመልሳታል።»

ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ በማግስቱ ሸዋ በር ሄጄ የፓስፖርት ፎቶ ተነሳሁ።