ከመጋረጃው በስተጀርባ

በሕይወቴ እምላለሁ፣ ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ውሸት ካለባት እዚሁ እንደቆምኩ ድርቅ ልበል።

የልጅ ልጄ ቤዛ መሐል ሜዳ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሆና ካቶሊኮች ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ትማራለች። ባለቤቴ ካቶሊኮች ሰውን መጋረጃ ውስጥ አስገብተው ያናዝዛሉ ሲባል ሰምታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቱን ካናዘዟት ዛሬውኑ ይዘሃት ና!» ብላ ከመንደራችን ከራቤል ላከችኝ። ብርዱ የተፋሁትን ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ ያደርገው ነበር።

ስደርስ ልጆቹ አዳራሽ ውስጥ ተሰልፈው፣ አንድ በአንድ መጋረጃ ውስጥ እየገቡ ይወጣሉ። ቤዛም ወጣች።

«እዚያ ውስጥ ምን አልሽ?»

«ምስጢር ነው፣ አባባ! ለማንም አትናገሩ ተብለናል።»

በቃ፣ ልጅቱን ይዤ መሄዴ ነው። ግን ማናዘዣውን ሳላይ ብሄድ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስላችኋል? ሰልፍ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ ጋቢዬን ሰብስቤ ገባሁ።

ቄስ የለም። ጠረጴዛ ላይ እስክሪብቶ፣ አፉ የተቀደደ ካርቶንና የወረቀት ክምር አለ። ወረቀቱ «የተማሪዎች ፓርላማ ፕሬዚዳንት ምረጡ» ይላል፤ ከሥሩ የሦስት ልጆች ፎቶ። የመካከለኛዋ የፊት ጥርስ ወልቋል። ጠጋ ብዬ ባይ የእኛዋ ቤዛ! እስክሪብቶውን አነሳሁ።

ስወጣ መነኩሲቷ ርዕሰ መምህርት ቆመው ጠበቁኝ።

«አባባ፣ እዚያ ምን ሲያደርጉ ነበር?»

«ስናዘዝ፣ ሲስተር።»

ቤት ብቻዬን ስገባ ባለቤቴ ጮኸች። «ልጅቱስ?»

«በአንድ ድምፅ ብልጫ አሸንፋለች። ፕሬዚዳንት ከሥልጣኗ ላይ ጎትቼ ላምጣ?»

እሺ፣ «በአንድ ድምፅ ብልጫ» የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ።