ኩዳይ ሲደርስ የሚጫናት ቁልፍ

ሰዓዳ ሾፌሩን ታውቀዋለች ማለት አይቻልም፤ ስሙን እንኳ ጠይቃው አታውቅም። በየሳምንቱ ከጅዳ፣ ከጉለይል ሰፈር አሳፍሮ መካ፣ ኩዳይ ሰፈር ውስጥ ጽዳት የምትሠራበት ሆቴል ያደርሳታል፣ በቃ። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ፍሬን ሲይዝም እንቁላል የጫነ ይመስል ቀስ ብሎ ነው።

ኩዳይ ሲገቡ ግን አንዲት ጠባብ መንገድ አለች። እዚያ ሲደርስ ኤሲውን ያጠፋና በቤንዚንም በባትሪም የምትሠራው መኪና በባትሪ ብቻ እንድትሄድ የምታደርገውን ቁልፍ ይጫናል።

«ወንድሜ፣ ለቤንዚን ብለህ ልትቀቅለኝ ነው?» አለችው ዛሬ፣ በሻርፗ ጫፍ ላቧን እየጠረገች።

ሳቀ። «ወላሂ ቤንዚንስ አይቆጥብም፣ እህቴ። አሁን ባትሪው የጨረሰውን ኋላ ሞተሩ በቤንዚን ነው የሚሞላው። ለራሷ ብተዋት መኪናዋ ከእኔ የተሻለ ታውቃለች።»

«ታዲያ ለምን ትጫነዋለህ?»

«የሞተሩ ድምፅ እንዳይሰማ።»

ባትሪው ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው። ሞተሩ እንዳይነሳበት ነዳጅ መስጫውን በእግሩ ጣት ጫፍ ብቻ ነካ አደረገው፤ ትንፋሹንም የያዘ መሰላት። አንድ አሮጌ ፎቅ ሥር ሲደርሱ ቀና አለ። መስኮቱ ላይ የሴት ልጅ የትምህርት ቤት ቀሚስ ታጥቦ ተንጠልጥሏል፤ የግርጌው እጥፋት ተፈቶ እንዲረዝም ተደርጓል። የሾፌሩ ፊት በራ።

«አድጋለች» አለ ለራሱ።

«ልጅህ ናት?» አለችው ሰዓዳ።

«በየትኛው የሆቴሉ በር ላውርድሽ?» አላት፤ ሁልጊዜ የሚያወርዳት ግን በአንድ በር ብቻ ነው።